በእጅ ያለው ወርቅና ሁለተኛው ካርድ

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ማኪያቶ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ዶላርና ስለ ኮንቴይነር ስናወራ፣ አንዲት የማከብራቸው የሀገር ባህል ልብስ ነጋዴ ቦርሳቸውን ከፍተው በላስቲክ የታሰሩ አምስት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፡፡ ሁሉም የአየር መንገድ ካርዶች ናቸው፡፡ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፡፡

«እስቲ አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው፣» አሉኝ፤ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ሰው የሚያደርገኝ?»

እኚህ ሴት ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቀሚስና ነጠላ ሰብስበው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ፣ ዋሽንግተን ላሉ ወገኖቻችን ያደርሳሉ፡፡ በመካከሉ ዱባይ ይመላለሳሉ፡፡ ቲኬት የሚገዙት በዕለቱ ከረከሰው አየር መንገድ ነው፡፡ በእያንዳንዱ ጉዞ ካርድ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸውም ይቀበላሉ፡፡ ሐሳባቸው ማይሉን አጠራቅመው እናታቸውን አሜሪካ ወዳለው ወንድማቸው ዘንድ መውሰድ ነበር፡፡ እናትየው ልጃቸውን ካዩ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፡፡

አምስቱን ካርዶች አንድ በአንድ አየናቸው፡፡ በአራቱ ላይ ያለው ማይል ተደምሮ እንኳ የትም አያደርስም፡፡ ብዙ የተጠራቀመበት አምስተኛው ነበር፡፡ እሱ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት ጊዜው አልፎ ተሰርዟል፡፡ የአየር መንገዱን ስም አላነሳም፤ ደንቡን አልደበቀም፤ ጽፎ አስቀምጦታል፡፡ ያላነበብነው እኛ ነን፡፡

«ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት እንደ ጉም በነነ በለኛ!» አሉ እትዬ፡፡

ይህ የእሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም፡፡ በአዲሱ ገበያም ሆነ በመርካቶ፣ ዱባይና ጓንዡ፣ ኢስታንቡልና ባንኮክ የሚመላለስ ነጋዴ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ካርድ አያጣም፡፡ ሆኖም ሸቀጥ ሲገዛ በሳንቲም የሚከራከረው ነጋዴያችን፣ ካርድ ላይ ሲደርስ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፡፡ ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ አንድ ጥያቄ እናንሳ፡፡ አንደኛው ካርድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ ነው እንበል፡፡ ለአብዛኞቻችን እውነቱም ይኸው ነው፡፡ ታዲያ ሁለተኛው የትኛው ይሁን?

ማይልና ደረጃ ለየቅል ናቸው

መልሱን ከመስጠታችን በፊት ብዙ ሰው የሚያደናግረውን አንድ ነገር እንለይ፡፡ አየር መንገዶች ለደንበኛ የሚሰጡት ነገር ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንዱ ማይል ነው፡፡ ይህ ተጠራቅሞ ቲኬት የሚገዛ፣ ወንበር ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ የሚያሳድግ ሒሳብ ነው፡፡ ሌላው ደረጃ ነው፡፡ በሼባማይልስ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም ይባላል፡፡ ደረጃ አይመነዘርም፤ ክብር ነው፡፡ በአጭሩ ሰልፍ ያስገባል፣ ላውንጅ ያሳርፋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለነጋዴ ትርፍ ሻንጣ በነጻ ያስጭናል፡፡

ማይሉ ሦስት ዓመት ሊጠራቀም ይችላል፡፡ ደረጃው ግን የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ በተበረረው ነው፡፡ ዓመቱ ሲሞላ ያልሞላው ቁጥር ይወድቃል፤ ከዜሮ ይጀመራል፡፡ እንደ እቁብ አይደለም፤ እቁብ ውስጥ የከፈልከው አንድ ቀን ይደርስሃል፡፡ እዚህ ግን 49 ሺህ ማይል በርሮ 50 ሺህ ላይ ያልደረሰ ሰው ጎልድ አይደለም፤ አለቀ፡፡

ለመሆኑ ለእኛ ነጋዴ የሚበጀው የትኛው ነው? በእኔ እምነት ደረጃው ነው፡፡ ምክንያቱም ቀላል ነው፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ መስመሮች ለኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን በ23 ኪሎ፣ ይፈቅዳል፡፡ ጎልድ የሆነ ደንበኛ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል፡፡ በዓመት ስምንት ጊዜ ለሚመላለስ ሰው ይህ ሲሄድ ስምንት፣ ሲመለስ ስምንት ሻንጣ ማለት ነው፡፡ የትርፍ ሻንጣ ዋጋ ቆጣሪው ላይ ስንት እንደሚጠየቅ የቀሚስ ነጋዴዋም፣ የጫማ ነጋዴውም፣ የሞባይል መለዋወጫ የሚያመጣውም ያውቀዋል፡፡ ያን ዋጋ በ16 ያባዛና ከማይሉ ጋር ያስተያየው፡፡ (በነገራችን ላይ ነጻ ሻንጣ ማለት ከቀረጥ ነጻ ማለት አይደለም፡፡ ጉምሩክ የጎልድ ካርድ አይጠይቅም፡፡)

ሁለት ያባረረ አንዱንም አልያዘ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፡፡ ከአዲስ አበባ ጓንዡ በቀጥታ ሲለካ 5,000 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 10,000፡፡ ዱባይ 1,550 ማይል ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 3,100፡፡ በዓመት አራት ጊዜ ጓንዡ፣ አራት ጊዜ ዱባይ የሚሄድ አንድ ነጋዴ እናስብ፡፡ ቲኬቱ ሙሉ ማይል የሚያስቆጥር ከሆነ ከጓንዡ 40,000፣ ከዱባይ 12,400፣ በጠቅላላው 52,400 ማይል ይበርራል፡፡

ብዙ ፕሮግራሞች የብር ደረጃን 25 ሺህ፣ የወርቁን 50 ሺህ ማይል አካባቢ ያስቀምጣሉ፡፡ የኤሚሬትሱ ስካይዋርድስ ለምሳሌ ሲልቨርን በ25 ሺህ፣ ጎልድን በ50 ሺህ የደረጃ ማይል ይሰጣል፡፡ እንግዲህ ይህ ነጋዴ ሁሉንም ጉዞ በአንድ ካርድ ላይ ካስቆጠረ ከ50 ሺህ መስመር ያልፋል፡፡ ጓንዡን በአንድ፣ ዱባይን በሌላ ካርድ ካስቆጠረ ግን አንዱ ላይ 40,000፣ ሌላው ላይ 12,400 ይዞ ይቀራል፡፡ ከሁለቱም ወርቅ አላገኘም፡፡

ይባስ ብሎ የረከሰ ቲኬት ሙሉ ማይል አያስቆጥርም፡፡ ቲኬቱ ላይ ያለችው አንዲት የክላስ ፊደል ናት ወሳኟ፡፡ ግማሽ የሚያስቆጥር ታሪፍ አለ፤ ከግማሽ በታችም አለ፤ አንዳንድ የቡድን ታሪፍ ጨርሶ ምንም አያስቆጥርም፡፡ ከላይ ያልነው ነጋዴ በግማሽ ታሪፍ ከበረረ ጠቅላላው 26,200 ነው፡፡ በአንድ ካርድ ላይ ቢሆን ቢያንስ ብር ይሆናል፡፡ በሁለት ሲከፈል 20,000 እና 6,200፤ ብርም አልሆነም፡፡

የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ነው፡፡ ሁለተኛ ካርድ ጥቅም ሊኖረው የሚችለው ከመጀመሪያው ካርድ አፍ ላይ የማይነጥቅ ከሆነ ብቻ ነው፡፡

ድር ቢያብር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር ተቀላቅሏል፡፡ ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 በአምስት አየር መንገዶች የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ከ20 በላይ አባላት አሉት፡፡ ከእኛ ነጋዴ መንገድ ጋር የሚገናኙትን ብንጠቅስ የቱርክ አየር መንገድ፣ ግብጽ አየር መንገድ፣ ሉፍታንዛ፣ የአሜሪካው ዩናይትድ፣ ኤር ቻይና፣ ኤር ኢንዲያና የታይላንዱ ታይ ይገኙበታል፡፡

ብዙ ሰው የሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ በእነዚህ አየር መንገዶች ሲበርሩ የሼባማይልስ ቁጥርዎን ቢሰጡ ማይሉ የሚገባው ለሼባማይልስ ነው፡፡ የቱርኩን ካርድ ማውጣት፣ የግብጹን ካርድ ማውጣት፣ የጀርመኑን ካርድ ማውጣት አያስፈልግም፡፡ እንዲያውም ቢያወጡ ጉዳት ነው፤ አንድ በረራ የሚመዘገበው በአንድ ካርድ ላይ ብቻ ስለሆነ ወደ ወርቅ የሚወስደውን ማይል ከራስዎ ኪስ ወደ ራስዎ ሌላ ኪስ ማዛወር ይሆናል፡፡ ሼባማይልስ ላይ ጎልድ ከሆኑ ደግሞ ጎልድነቱ በማኅበሩ አባላት ሁሉ ዘንድ ይታወቃል፡፡ ሻንጣ በቁጥር በሚፈቀድበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ በክብደት በሚፈቀድበት መስመር 20 ኪሎ ይጨመርልዎታል፡፡

ከእትዬ አምስት ካርዶች መካከል ሁለቱ የዚሁ ማኅበር አባላት ነበሩ፡፡ በእነሱ የበረሩት ሁሉ በአንዱ ካርድ ሊደመር ይችል ነበር፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው፤ እትዬ ግን ከሸማኔ ሰፈር ሆነው ድሩን በታትነውታል፡፡

ሌላ ምሳሌ እንጨምር፡፡ ጓንዡ ደርሶ ወደ ሌላ የቻይና ከተማ በአውሮፕላን የሚቀጥል ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቻይና ሳውዘርንን ነው፤ መናኸሪያው ጓንዡ ነውና፡፡ ይህ አየር መንገድ ስታር ውስጥ የለም፡፡ ስካይቲም ከተባለው ሌላ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 መባቻ ወጥቷል፡፡ በተመሳሳይ መስመር ኤር ቻይና ወይም ሼንዘን ኤርላይንስ ካለና ዋጋው ከተቀራረበ ግን ሁለቱም የስታር አባላት ስለሆኑ ማይሉ ወደ አዲስ አበባው ካርድ ይመጣል፡፡ ይህን የሚያውቅ የቲኬት ቢሮ ሠራተኛ ወርቅ ነው፤ የማያውቅ ከሆነ እርስዎ ይንገሩት፡፡

ታዲያ ሁለተኛው የት ይሁን?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፡፡ ሁለተኛው ካርድ ከማኅበሩ ውጭ ይሁን፡፡ ከኢትዮጵያ አየር መንገድና ከጓዶቹ ውጭ በግድ የሚበርሩበት መንገድ አለ ወይ? ካለ ሁለተኛው ካርድ የዚያ መንገድ ካርድ ነው፡፡ ከሌለ ሁለተኛ ካርድ አያስፈልግዎትም፤ ጽሑፉን እዚህ ላይ አቁመው ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ፡፡

ለአዲስ አበባ ነጋዴ ከማኅበሩ ውጭ ያለው መንገድ በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤው ነው፡፡ ኤሚሬትስና ፍላይዱባይ በአንድ ወገን፣ ኳታር በሌላ ወገን፣ ወደ ጅዳና ሪያድ ለሚሄድ ደግሞ ሳውዲያ አሉ፡፡

መድረሻው ራሱ ዱባይ ለሆነ፣ ማለትም ዴይራ ወርዶ ዕቃውን ገዝቶ ለሚመለስ ሰው፣ ስካይዋርድስ ይሻላል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የፍላይዱባይም ፕሮግራም ይኸው ስካይዋርድስ ስለሆነ በሁለቱም የተበረረው በአንድ ቋት ይገባል፡፡ ጉድለቱን ግን ልብ ይሏል፡፡ ኤሚሬትስ በየትኛውም ማኅበር ውስጥ የለም፡፡ እዚያ ያገኙት ደረጃ ከዚያ ቤት ውጭ አብዛኛውን ጊዜ አያስከብርም፡፡ ማይሉንም በመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በገዙት የታሪፍ ዓይነት ያሰላል፤ ርካሹ ታሪፍ ጥቂት ያስገኛል፡፡

ባሕረ ሰላጤው መሸጋገሪያ ብቻ ለሆነለት፣ ለምሳሌ በዶሃ አድርጎ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚዘልቅ፣ የኳታሩ ፕሪቪሌጅ ክለብ ይሻላል፡፡ ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዋንወርልድ የተባለው ማኅበር አባል ነው፡፡ በ2022 ደግሞ የቀድሞ ነጥቡን ትቶ አቪዮስ የተባለውን መገበያያ ተቀብሏል፡፡ አቪዮስ የብሪቲሽ ኤርዌይስም፣ የስፔኑ አይቤሪያም፣ የፊንላንዱ ፊንኤርም መገበያያ ስለሆነ ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል፡፡ ለነጋዴ ቋንቋ ብንናገር ይህ ብዙ ሱቅ የሚቀበለው ገንዘብ ነው፡፡ አንድ ሱቅ ብቻ ከሚቀበለው ኩፖን ይሻላል፡፡

በሁለቱም ዘንድ ለሀገራችን ቤተሰብ የሚስማማ አንድ ነገር አለ፡፡ የቤተሰብ ቋት ነው፡፡ ባል፣ ሚስትና ልጅ የየራሳቸውን ማይል በአንድ ላይ ማጠራቀም ይችላሉ፡፡ እኛ ዘንድ አንድ ሱቅ በወንድምና በእህት፣ በባልና በሚስት የሚንቀሳቀስ ነው፤ በዚህ ወር እሱ፣ በሚቀጥለው እሷ ትሄዳለች፡፡ የተበታተነው እንዲህ ሲሰበሰብ ለአንድ ሰው ቲኬት ይበቃል፡፡

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ምክር ይህ ነው፡፡ ከመጀመሪያው ካርድ ደረጃ ይፈልጉ፤ ከሁለተኛው ማይል ብቻ ይጠብቁ፡፡ ከሁለቱም ወርቅ የሚጠብቅ ሰው ወይ የአውሮፕላን አብራሪ ነው ወይ ራሱን ያታልላል፡፡

አንድ ማይል ስንት ነው?

ነጋዴ የማያውቀውን ዕቃ በጆንያ አይገዛም፡፡ ማይልም ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ይሰላል፡፡ ዘዴው እንዲህ ነው፡፡ የሚፈልጉትን ቲኬት የገንዘብ ዋጋ ይውሰዱ፡፡ በማይል ሲወስዱ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉትን ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ይቀንሱ፡፡ የቀረውን ለሚጠየቁት ማይል ያካፍሉ፡፡

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ቲኬቱ 600 ዶላር፣ ታክሱ 150 ዶላር፣ የሚጠየቀው 45,000 ማይል ነው እንበል፡፡ 450 ዶላር ለ45,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 1 የአሜሪካ ሳንቲም ወጣ ማለት ነው፡፡ በዚህ ስሌት የዱባይ ደርሶ መልስ 3,100 ማይል ሙሉ ቢቆጠር 31 ዶላር፣ ግማሽ ቢቆጠር 15 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ነው፡፡ ታዲያ «ካርዴ የዚያ ነው» ብሎ 60 ዶላር አስወድዶ ቲኬት የሚገዛ ሰው ምን አተረፈ? በጤነኛ ገበያ እንዲህ ያለ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል፡፡ ሁለተኛው ካርድ ቲኬት አይመርጥም፤ ቲኬቱ በዋጋውና በሰዓቱ ከተመረጠ በኋላ ካርዱ ይከተላል፡፡

ማይል አንድ ልዩ ጠባይ አለው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ የቲኬት ዋጋ በዶላር ስለሚታሰብ በብር ለሚከፍል ሰው ወጪው ከዚያው ጋር ወጣ፡፡ ሒሳቡ ላይ 80 ሺህ ማይል የነበረው ሰው ግን በማግሥቱም ያው 80 ሺህ ማይል ነበረው፡፡ በዚያ ሰሞን ማይል ያለው ሰው ዶላር ያለው ያህል ተደስቷል፡፡

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ማይል ላስቀምጥ» ማለት ሞኝነት ነው፡፡ ማይል ወለድ የለውም፡፡ የሚያትመው አየር መንገዱ፣ ዋጋውን የሚቀንሰውም አየር መንገዱ፣ ደንቡን የሚተረጉመውም አየር መንገዱ ነው፡፡ ብሔራዊ ባንክ የለውም፡፡ የደንበኛ ማይል በዛሬ መልኩ ከተስፋፋበት፣ አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሮግራሙን ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ታሪኩ ይህንኑ ያሳያል፡፡ ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ ሉፍታንዛ በ2018 ማይል በርቀት መስጠት ትተው በተከፈለ ገንዘብ መስጠት ጀምረዋል፡፡ ረጅም መንገድ በርካሽ ለሚበርር ሰው ይህ ትልቅ ቅናሽ ነበር፡፡ የአውስትራሊያው አንሴት በመስከረም 2001 ሲወድቅ የደንበኞቹ ነጥብ አብሮ ወድቋል፡፡ ስታርን ከመሠረቱት አምስቱ አንዱ የነበረው የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ስካይቲም ዞሯል፤ የእሱን ወርቅ ካርድ ይዞ በስታር ላውንጅ ሲያርፍ የነበረው ደንበኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ቀርቷል፡፡

ስለዚህ ማይል እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከረምበትም፡፡ እንደ ቲማቲም ነው፤ ሲደርስ ይሸጣል፡፡

ተቃራኒው ሐሳብ

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፡፡ «ሁለተኛው ካርድ እዚያው ስታር ውስጥ ይሁን፤ ለምሳሌ የቱርኩ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ፡፡ አንዱ ደንቡን ቢያጠብቅ ወደ ሌላው እንሸሻለን» ይላሉ፡፡ የሐሳቡ ፍሬ ነገር አይናቅም፤ ዕንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አለማስቀመጥ የነጋዴ ጠባይ ነው፡፡

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል፡፡ አንደኛ፣ ኢስታንቡል ላሌሊና መርተር የልብስ ገበያ በወር በወሩ በቱርክ አየር መንገድ የሚመላለስ ሰው ካለ፣ ለእሱ የቱርኩ ካርድ ሁለተኛ ሳይሆን አንደኛ ነው፡፡ እንዲያ ያድርገው፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲበርርም ያንኑ ቁጥር ይስጥ፡፡ አንድ ማኅበር፣ አንድ ካርድ የሚለው ሕግ ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ መሸሸጊያ ማለት ባዶ ቤት ማለት አይደለም፡፡ ሽሽት የሚያስፈልግ ቀን ሲመጣ ሌላ ካርድ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፡፡ አስቀድሞ ማይል እየከፈሉ መጠበቅ አያስፈልግም፡፡

ለሼባማይልስ ሌላም የምጨምርለት አለ፡፡ ቢሮው እዚሁ ነው፡፡ የጠፋ ማይል፣ የተሳሳተ ስም፣ ያልተመዘገበ በረራ ሲኖር በአማርኛ ተከራክሮ መመለስ ይቻላል፡፡ ይህን የማይቆጥር ሰው ከሩቅ አገር የስልክ መስመር ሙዚቃ ሰምቶ አያውቅም፡፡

ይህ ማለት ግን የራሳችን አየር መንገድ ስለሆነ ብቻ እናጨብጭብለት ማለት አይደለም፡፡ ዋጋው ከሌላው ብዙ ርቆ ከተሰቀለ ነጋዴው ወደ ሌላው መሄዱ ገበያ ነው፡፡ ደንበኛን በካርድ ከማሰር በዋጋና በመስተንግዶ ማሰር ይበልጣል፡፡

ከመፈረምዎ በፊት

ሁለተኛውን ካርድ ለማውጣት የወሰነ አንባቢ እነዚህን ይመልከት፡፡

ስም፡፡ የእኛ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ነው የሚጻፈው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፡፡ ካርዱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱና ቲኬቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ ማይሉ አይገባም፡፡ ካርዱን ፓስፖርትዎን ፊትዎ አስቀምጠው ይሙሉ፡፡

ባለቤት፡፡ ማይል የከፋዩ ሳይሆን የተሳፋሪው ነው፡፡ ወንድሙን በራሱ ወጪ ጓንዡ የላከ ነጋዴ ማይሉ የወንድሙ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ ኋላ ቂም እንዳይሆን፡፡ የቤተሰብ ቋት የሚጠቅመው ለዚህም ነው፡፡

የሚሞትበት ቀን፡፡ በሼባማይልስም በስካይዋርድስም ማይል ሦስት ዓመት ገደማ ይቆያል፡፡ አቪዮስ ደግሞ ሒሳቡ ለ36 ወር ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ይጠፋል፤ በመካከሉ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ዕድሜው ይታደሳል፡፡ አልፎ አልፎ ለሚበርር ሰው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ይሻላል፡፡ የሚሞትበትን ቀን የሱቅ ኪራይ የሚከፍሉበት ደብተር ላይ ይጻፉት፡፡

ቦርዲንግ ፓስ፡፡ ማይሉ መግባቱን እስኪያዩ አይጣሉት፡፡ ሳይገባ የቀረ ማይል በተወሰነ ወራት ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል፤ ማስረጃውም እሷው ቁራጭ ወረቀት ናት፡፡

ደንቡ ራሱ፡፡ አየር መንገዶች ደንባቸውን ባሻቸው ጊዜ ይለውጣሉ፡፡ ከላይ የጠቀስኩትን ጨምሮ ማንኛውንም ቁጥር ካርድ በሚያወጡበት ቀን እንደገና ያረጋግጡ፡፡

እትዬስ?

ወደ ማኪያቶ ቤቱ እንመለስ፡፡ ከአምስቱ ካርዶች ሦስቱን በላስቲኩ መልሰን አሰርናቸው፤ ወደ ቤት ሄደው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ፡፡ የቀሩት ሁለት ናቸው፡፡ ሰማያዊው ሼባማይልስ የዋሽንግተኑን መንገድ ሁሉ ይሸከማል፡፡ አዲስ አበባ ዋሽንግተን በአንድ አቅጣጫ ከ7,000 ማይል በላይ ነው፤ ሁለቱ ደርሶ መልስ ብቻ ከ28,000 ማይል ያልፋል፡፡ ከዱባዩም በእኛው አየር መንገድ የሚሆነው እዚያው ይጨመራል፡፡ ዋጋ አስገድዷቸው በባሕረ ሰላጤው አየር መንገድ የሚሄዱበት ጊዜ ደግሞ ልጃቸውም በዚያው ስለሚመላለስ በቤተሰብ ቋት ይገባል፡፡

ሰማያዊውን ካርድ አንስተው ገለበጡት፡፡ ስምንት ዓመት በቦርሳቸው ሲዞር ቁጥሩን ለቲኬት ቢሮ የሰጡት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፡፡

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት እኔን አይተው ነው፣» አሉ፡፡

«እናትዎ ስንት ዓመታቸው ነው?» አልኳቸው፡፡

«ሰባ ስምንት፡፡»

እንግዲህ ለእትዬ ይህ የካርድ ምርጫ ብቻ አይደለም፡፡ የጠፋው ማይል አንዲት እናት ልጇን የምታይበት ወንበር ነበር፡፡ ሁለተኛ ካርድ የሚመርጥ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ «ይህን ማይል ለማን፣ በየትኛው ዓመት ልጠቀምበት ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፡፡ መልሱን ያወቀ ሰው ካርዱን መምረጥ አይከብደውም፤ መልሱን ያላወቀ ሰው አምስት ካርድ ቢይዝም ሁሉም ላስቲክ ውስጥ ይቀራሉ፡፡